ግራ ፔዳል

የምጽፍላችሁ ከሲታክ ኤርፖርት የታክሲ መጠበቂያ ነው። ከፊቴ ሠላሳ ምናምን መኪና ተሰልፏል፤ ጊዜ በሽ ነው። ዛሬ ፖለቲካ የለም። "ስለዚያ ጉዳይ ለምን ዝም አልክ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ የማወራችሁ ሁለት ሞተር ስላላት አንዲት ትንሽ ጀልባ ነው። አሻንጉሊት ናት እንዳልላችሁ ልጄ ይቆጣል። ጀልባ ናት።

ነገሩን ያመጣው እንደ ሁልጊዜው ደንበኛ ነው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ፣ ጄነሲ ፓርክ አጠገብ አንድ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ አነሳሁ። ረጅም ካርቶን በሁለት እጃቸው ታቅፈዋል። "ኋላ ልክተትልዎት?" ብላቸው "አይሆንም፣ ጭኔ ላይ ይሁን" አሉኝ። ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሲፌር ሰሞን መንገዱ ሁሉ ይጨናነቃል። ለእኔ "የጀልባ ውድድር" ማለት ትራፊክ ማለት ብቻ ነበር። ሬይኒየር አቬኑ ላይ ቆመን ቀረን። ሰውዬው ታሪኩን የነገሩኝ ያኔ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ስሎ ሞ ሹን 4 የምትባል የእሽቅድምድም ጀልባ እዚሁ ሌክ ዋሽንግተን ላይ በሰዓት 160 ማይል ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። 257 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ በውኃ ላይ! በዚያው ዓመት ዲትሮይት ሄዳ የጎልድ ካፕ ዋንጫን ወሰደች። ያሸነፈ ውድድሩን ወደ አገሩ ይወስዳል ነበርና በ1951 ሲያትል አዘጋጀችው። የዚህ ከተማ ሰው ከዚያ ወዲህ የጀልባ ነገር አይሆንለትም። ሰውዬው ልጅ ሆነው አባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው አይተዋል። ካርቶኑን ከፈት አደረጉልኝ፤ ውስጡ ክንዴን የምታህል ቀይ ጀልባ አለች። ራሳቸው የገጣጠሟት ናት። በሪሞት ትነዳለች።

ማታ እራት ላይ ይህንኑ አወራሁ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚያ ሰሞን ከእኔ ጋር በሦስት ቃል ነበር የሚነጋገረው፦ "ኦኬ"፣ "ፋይን" እና "ዋይፋይ"። ስልኩን አስቀመጠና "ስንት ሞተር ነበራት?" አለኝ። አላስተዋልኩም። "ሁለት ሞተር ያላቸውም አሉ" አለ። ወገኖቼ፣ ልጄ ከስንት ጊዜ በኋላ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር። እኔም ሳላስብበት "እንሥራት" አልኩት።

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፣ ለኋላው ይጠቅመኛል። ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሳይክሏን ያውቃል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ሳይክል ጥገና ቤት ተቀጥሬ ጎማ እለጥፍ ነበር። ከዚያ ጋራዥ ገባሁ። ካቻቢቴና ፒንሳ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም። እዚህ አገር መጥቼም የመኪናዬን ፍሬን የምቀይረው ራሴ ነኝ። እና በሆዴ "ይህች ደግሞ ምን አላት፣ በሁለት ቅዳሜ እንጨርሳታለን" ብዬ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ፈጀች።

ያገለገለ ባዶ ቀፎ ገዛን፤ 80 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ከፋይበር ግላስ የተሠራ። ካታማራን ይሉታል፤ ሁለት ቀጫጭን ጀልባ ጎን ለጎን ተጣብቀው አንድ የሆኑ ማለት ነው። በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ ሞተር ይገባል። ሞተሮቹ ካርቦን ብሩሽ የሌላቸው፣ ሦስት ሽቦ ያላቸው ናቸው። የእኛዎቹ 1,800 ኬቪ የሚል ተጽፎባቸዋል። በአንድ ቮልት በደቂቃ 1,800 ጊዜ ይዞራሉ ማለት ነው፤ ባትሪው 14.8 ቮልት ነው፤ አባዙት፣ ከ26,000 በላይ ይመጣል። የመኪናችሁ ሞተር 6,000 ሲደርስ ቀዩን መስመር ይነካል።

ለየሞተሩ የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እና የራሱ ባትሪ አለው። አንዱ ሞተር ሲጨክን 80 አምፒር ይስባል። ሁለቱን ስትደምሩት ከሁለት ማይክሮዌቭ በላይ የሆነ ኃይል ጭናችሁ ላይ በምትይዙት ዕቃ ውስጥ ታጭቋል። ለዚህ ነው ባትሪው ቶሎ የሚያልቀው፤ ሦስት ደቂቃ ነድተን እናወጣታለን። ሊፖ የሚባለው ይህ ባትሪ ቀልድ አያውቅም። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል፤ ከመጠን በላይ ከሞላ ወይም ከተቀጠቀጠ በእሳት ይነሳል። ቻርጅ ሲደረግ አጠገቡ ሰው መኖር አለበት። እናቱ "ቤቴን ልታቃጥሉት ነው" ብላ ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ፣ ጠርዙ የተሸረፈ የሸክላ ድስት ውስጥ አስቀምጠን ካልሆነ ቻርጅ እንዳናደርግ አዘዘች። ትእዛዟ ልክ ነበር።

ሞተሩና መቆጣጠሪያው እንዳይግሉ የሚያቀዘቅዛቸው የኩሬው ውኃ ራሱ ነው። ጀልባዋ ስትሮጥ ከመሪው ሥር ባለች ቀዳዳ ውኃ ይገባል፤ በቀጭን ጎማ ዞሮ ሙቀቱን ይዞ በጎን ይፈሳል። ክብደቷ የሚያርፈው ከኋላ ሲለካ ከርዝመቷ 30 በመቶ አካባቢ ላይ ነው፤ በሁለት ጣት አንስተን ባትሪውን ወዲያና ወዲህ እየገፋን አስተካከልን። ብትገለበጥ እንዳትሰጥም አፍንጫዋ ውስጥ ፎም ወሸቅን። ይህን ሁሉ ያወቀው ልጄ ነው፣ ከዩቲዩብ። እኔ ደግሞ እጅ ነበርኩ። እሱ ያነባል፣ እኔ አስራለሁ።

አንድ ምሽት "አባዬ፣ ባሕር ዳር ጀልባ ነበራችሁ?" አለኝ። ስለ ታንኳ ነገርኩት። ከደንገል ታስሮ እንደሚሠራ፣ እንጨትና ከሰል ተጭኖበት ጣናን እንደሚያቋርጥ፣ ውኃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ። በማግስቱ ስገባ የጀልባዋ ጎን ላይ በአረንጓዴ ቀለም፣ በፊደላችን፣ "ጣንኳ" ተብሎ ተጽፏል። ጣናና ታንኳ ተቀላቅለውበት ነው። ላርመው አፌን ከፈትኩና "በኋላ" ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ሁለት ሞተር ያላት ጀልባ ላይ ሁለቱ ፕሮፔለሮች በተቃራኒ ነው የሚዞሩት። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ በዚህ ዓይነት ጀልባ የፕሮፔለሩ ግማሽ ከውኃ በላይ ስለሚዞር፣ እንደ ጎማ ውኃውን እየረገጠ የጀልባዋን ኋላ ወደ ጎን ይወስደዋል። ሁለቱም ባንድ አቅጣጫ ከዞሩ ሁለቱም ባንድ ወገን ይጎትቷታል። በተቃራኒ ሲዞሩ ግን የአንዱን ጥፋት አንዱ ያጣፋዋል፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ሞተሩን በተቃራኒ ማዞር ቀላል ነው፤ ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን ማቀያየር ብቻ ነው። ፕሮፔለሩም የግራና የቀኝ ተብሎ ይሸጣል።

ከሞተሩ እስከ ፕሮፔለሩ ኃይል የሚያደርሰው ግን ድፍን ብረት አይደለም። ከቀጫጭን ሽቦ የተገመደ፣ የሚተጣጠፍ የብረት ገመድ ነው፤ በቱቦ ውስጥ ግራሶ ተቀብቶ ይዞራል። ልጄ አንድ ማታ "አባዬ፣ የግራው ገመድ ሌላ ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። በተቃራኒ የተገመደ" አለኝ። ያዘዝኳቸው ሁለቱ ገመዶች አንድ ዓይነት ነበሩ። ሌላ ለማዘዝ ከሳምንት በላይ መጠበቅ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ኩሬው ላይ ለአዲስ ገቢዎች የተዘጋጀ ውድድር አለ። አሥራ ሁለት ሰዓት ነድቼ የገባሁበት ምሽት ነበር። "ገመድ ገመድ ነው" አልኩት። "ቪዲዮው ላይ ግን..." ሲል "አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ሞተር እፈታለሁ። በቪዲዮ አትከራከረኝ" አልኩት። ዝም አለ። "ኦኬ" አለ። ያቺ "ኦኬ" ተመልሳ መምጣቷን ያኔ አላስተዋልኩም።

ቅዳሜ ሄድን። ከከተማው ወጣ ያለች ኩሬ ናት። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች ናቸው፤ ወንበርና ቡና ይዘው ይመጣሉ። እንደኛ ያለ ሰው አልነበረም፤ ግን በደንብ ተቀበሉን። ልጄ ሪሞቱን ያዘ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ጀልባዋን ውኃው ላይ ለቀቅኋት። ድምፅዋን ልነግራችሁ አልችልም፤ አንድ ሺህ ንብ በሏት። አፍንጫዋን ቀና አደረገች፣ የመጀመሪያውን ዙር እየመራች ጨረሰች። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ፤ ጥርሱን ካየሁት ቆይቶ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ላይ የግራው ሞተር ጩኸት በድንገት ቀጠነ። ሞተሩ ይዞራል፣ ፕሮፔለሩ የለም። የቀኙ ብቻ ስለሚገፋ ጀልባዋ ወደ ግራ መጠምዘዝ ጀመረች። ልጄ መሪውን ሙሉ ወደ ቀኝ ያዘ፣ አልሆነም። እየዞረች፣ እየዞረች ቆመች። ገመዱ ተበጥሶ ነበር፤ ፕሮፔለሩ ከነቁራጩ ኩሬው ውስጥ ገብቷል። ባዶ በቀረው ቱቦ ውኃ እየገባ ኋላዋ ሰመጠ። አፍንጫዋ ላይ ያለው ፎም ብቻ ብቅ አድርጎ ያዛት። አንድ ሰው በመቅዘፊያ ጀልባ ሄዶ ጎትቶ አመጣልን።

እኔስ ምን አደረግሁ? ልጄ ላይ ጮኽኩበት። "ግራሶ ቀባ ብዬህ አልነበረም? አንድ ሥራ ነው የሰጠሁህ! አንድ!" አልኩት፣ ሰው ሁሉ ባለበት። አማርኛ የሚሰማ አንድም አልነበረም፤ ቁጣ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። ሽማግሌዎቹ ወደ ቡናቸው አጎነበሱ። ልጄ አልመለሰልኝም። ጀልባዋን ከእነ ውኃዋ ታቅፎ ወደ መኪናው ሄደ። ሃምሳ ደቂቃ ተጓዝን፤ ሬዲዮ እንኳ አልከፈትንም።

ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ጋራዥ ወረድኩና ቱቦዎቹን ፈታሁ። የቀኙ ገመድ እንደ አዲስ ነው። የግራውን ሳወጣው ግራሶው እጄ ላይ ፈሰሰ። ልጁ ከሚገባው በላይ ቀብቶታል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ደረቅ ቦታ የለውም። ገመዱ ግን እንደ ተፈታ ሹሩባ ሆኗል። ነገሩ ቀላል ነው፤ የተገመደ ነገር ወደ ተገመደበት ካዞራችሁት እየጠበቀ ይጠነክራል፤ በተቃራኒው ካዞራችሁት እየተፈታ፣ እያበጠ ሄዶ ቱቦው ውስጥ ይታነቅና ይበጠሳል። የቀኙ ሞተር ገመዱን ሲያጠብቅ የግራው ሲፈታው ነበር።

በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። ትዝ ያለኝ ያ ሳይክል ቤት ነው። አንድ ቀን የግራ ፔዳል እንዳስር ታዘዝኩ። ቀኙን ባሰርኩበት አቅጣጫ በጉልበቴ አጠበቅሁት፤ ጥርሱን በልቼ አበላሸሁት። ባለቤቱ ጆሮዬን ጠምዝዞ "የግራ ፔዳል በግራ ነው የሚታሰረው! እንደ ቀኙ ካሰርከው ሰው ሲነዳው ራሱን እየፈታ ይወድቃል!" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት መቶ ፔዳል አስሬያለሁ! አንድም ጊዜ አልተሳሳትኩም። ልጄ በተሰባበረ አማርኛ የነገረኝ ይህንኑ ነበር። የማላውቀው ነገር ቢሆን ጥሩ ነበር። የማውቀውን ነው ከልጅ አፍ ስለመጣ ብቻ አልሰማም ያልኩት። ይህም ሳያንስ የራሴን ጥፋት እሱ ላይ ጫንኩት።

እዚህ ሎቱ ላይ ሻይ ስንጠጣ ለጓደኞቼ አወራሁ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ "አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። ጫማ ይገዛለታል፣ እሱም ይገባዋል" አሉ። ሳቅን። እውነታቸውን ነው፣ ያደግነው እንዲያ ነው። ከመካከላችን አንዱ ግን አልሳቀም። ሻዩን እያማሰለ "የኔም አባት ገዝቶልኛል። ጫማው አለቀ፤ ቃሉን ግን እስካሁን እጠብቃለሁ። እሱ ከሞተ ስድስት ዓመቱ" አለ። ከዚያ ማንም አልተናገረም።

እኔም ፈሪ ነኝና መጀመሪያ ጫማውን ሞከርኩ። በግራ የተገመደውን ገመድና አዲስ ፕሮፔለር አዘዝኩ። በዘጠኝ ቀኑ መጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ልጄ አየው፣ ወሰደው፣ ጋራዥ ወርዶ ብቻውን መግጠም ጀመረ። ቃል አልወጣውም። ጫማው እንዳልሠራ ያኔ ገባኝ።

ወርጄ አጠገቡ ቆምኩ። የተፈታውን ገመድ አስቀምጬው ነበር፤ አወጣሁና "ግራሶውን ቀብተህ ነበር" አልኩት። ቀና አላለም። "አንተ ነግረኸኝ ነበር፤ አልሰማሁህም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሰው ፊት የጮኽኩብህም እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ዝም ሲለኝ አማርኛው ከብዶት ይሆናል ብዬ በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ የእኔን እንግሊዝኛ ታውቁታላችሁ። ያኔ ቀና አለና በአማርኛ "የመጀመሪያውም ገብቶኛል" አለኝ። ከዚያ እጁን ዘረጋ፤ "ካቻቢቴውን አቀብለኝ።" አቀበልኩት።

ኩሬው ዘንድ በድጋሚ ስንሄድ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው፦ "ያን ዕለት የተበጠሰው በእኔ ጥፋት ነው፤ ልጁ ትክክል ነበር።" የጮኽኩት ሰው ፊት ነውና ማስተካከሉም ሰው ፊት መሆን ነበረበት። አንዱ ሽማግሌ ሳቁና እሳቸውም በጀመሩ ጊዜ ይህንኑ ገመድ አሳስተው እንደነበር አጫወቱኝ። ጀልባዋ በአዲሱ ገመድ ሦስቱንም ዙር ጨረሰች። ከስድስት አራተኛ ወጣን። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው።

በዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ልጆቻችን ቋንቋችንን አልያዙም እያልን እናማርራለን። እኔም አማርሬያለሁ። ልጄ ግን ያን ማታ የነገረኝ በአማርኛ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ልጄ እንደ እኔ አልተገመደም። የተወለደበት አገር፣ የሚማርበት መንገድ፣ የሚናገርበት ዜማ በሌላ አቅጣጫ ነው የዞረው። እኔን ያጠነከረኝ ነገር እሱን ሊፈታው ይችላል። ጆሮዬን ጠምዝዘው ያስተማሩኝ እኔ ላይ ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ላይ ሞክሬው ምን እንዳመጣ ኩሬው ያውቃል።

"ጣንኳ" አሁንም "ጣንኳ" ናት። አላረምኩትም። ሽማግሌዎቹ ትርጉሙን ሲጠይቁት ልጄ ስለ ጣና ያስረዳቸዋል፤ ደንገሉን፣ ከሰሉን፣ ፀሐይ ላይ መድረቁን። ቆሜ እሰማዋለሁ። አንዳንዱን ያጋንናል፣ እሱንም አላርመውም።

እናንተስ? ልጃችሁን ይቅርታ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ጫማ ገዝታችሁ ዝም? በቅንነት ጻፉልኝ፤ ተሳዳቢ ብሎክ ይደረጋል። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ተራዬ ደረሰ። ደህና ሁኑልኝ።